የቀረችው አንዷ

የሹክሪን የመጀመሪያ ልጅ፣ ኡባህን፣ ተቅማጥ በሦስት ቀን ውስጥ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ በሐርጌሳ የሹክሪን ቤት ያህል የሚታጠብ ቤት አልነበረም። ሮብሌ ከተወለደ በኋላማ ነገሩ ባሰ። ይሄንንም ልጅ ብታጣ በቁሟ እንደምትሞት ራሷም ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አይናገራትም፣ ከአማቷ ከደሃቦ በቀር።

ደሃቦ ዓይነ ስውር ናቸው። ሰውን የሚለዩት በጠረኑ ነው። በር ላይ ማን እንደቆመ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ሥጋ ሻጩ ገና ከመንገድ ሳለ፣ "ዛሬ ያረጀ ፍየል ነው ያረደው፣ እንዳትገዢ" ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁም።

ሹክሪ አንድ ጀሪካን ሙሉ ፀረ ጀርም ገዝታ የገባች ዕለት አሮጊቷ ሳቁባት።

"የክሊኒኳ ነርስ ምን ነበር ያለችሽ? ተራ ሳሙና ይበቃል፣ ዋናው ደህና አድርጎ ማሸት ነው አላለችሽም?"

"ኤዶ፣ ኡባህ ስትሞት ቤታችን ሳሙና ጠፍቶ ነበር?" አለች ሹክሪ፤ አማቷን በአክብሮት የምትጠራው እንዲህ ነው።

ደሃቦ ጀሪካኑን በእጃቸው ዳበሱት። "እሺ፣ ምን ይላል ጽሑፉ?" አሉ።

"ከመቶው ጀርም ዘጠና ዘጠኙን ይገድላል።"

"የቀረችው አንዷስ? ዘመዶቿን ሁሉ ፈጅተሽባት የት ትሂድልሽ?"

ሹክሪ ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የልጁን አልጋ አጠበችበት። ልብሷን ሁሉ ዘፈዘፈችበት። ስታጠባ የምትከናነበውን አሮጌ ሻሽ ግን፣ ይሄ እንኳን አይጠራም ብላ ጓሮ ካለው የቆሻሻ ክምር ላይ ወረወረችው። በኋላ ገላዋን፣ ጡቷን ሳይቀር ትታጠብበት ጀመር። በሳምንቱ ጉንዳን ከቤቱ ጠፋ። ዝንቦች በሩ ድረስ መጥተው ይመለሳሉ። ድመቷ ጠቅልላ ጎረቤት ገባች። ተረስቶ የከረመ የግመል ወተት በአምስተኛው ቀን ቢከፈት፣ ልክ አሁን እንደታለበ ነበር፤ አልረጋም፣ አልኮመጠጠም። ሹክሪ ደስ አላት። ማንም ልባም ሰው ይሄን አይቶ ደስ አይለውም፤ የፈራች እናት ግን ልብ የላትም።

አንድ ቀን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ልጁን ልታጠባ ገባች። ሮብሌ ከቀትር ጀምሮ አልጠባም። የደሃቦ ጭን ላይ ሆኖ ይነጫነጫል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ኤዶ። ይስጡኝ፣ ላጥባው።"

አሮጊቷ አፍንጫቸውን ወደ እሷ አቀኑ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ልጁን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"ድምፁ የሹክሪ ነው። የገባ ሰው ግን የለም።"

"ኤዶ፣ በአላህ አይቀልዱ!"

"ውጪ! የሰው ጠረን የሌለሽ፣ ከቤቴ ውጪ!" ብለው ቁርኣን መቅራት ጀመሩ።

ሹክሪ እጇን ዘረጋች። ሮብሌ ትክ ብሎ አያትና ፊቱን አዙሮ እሪ አለ። አንጀቷን የቆረጠው ይሄ ነው። ሮጣ ወጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ተራውን ሳሙና አንስታ ያ መድኃኒት ከቆዳዋ እስኪለቅ እያለቀሰች ገላዋን ፈተገች።

ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ በጂኒ ፍራቻ ሕፃን ደጅ የማይወጣበት ሰዓት። የደሃቦ ጭን ባዶ ነው።

"ኤዶ፣ ልጁስ?"

ደሃቦ ደንግጠው ቀና አሉ። "ደግሞ መጣሽ? ሹክሪ ወሰደችው እኮ።"

"የቷ ሹክሪ?"

"የኔዋ ናታ! ቃል አልተነፈሰችም፤ ግን እኔ ጠረኗን አጣዋለሁ? ላብና ወተት፣ እንደ ድሮዋ።"

ሹክሪ እንዴት ጓሮ እንደደረሰች አታውቅም። ሮብሌ ክምሩ ላይ፣ በአሮጌው ሻሽ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንዲት ጭረት የለበትም። ብድግ ስታደርገው አለቀሰ፤ ሻሹን ስትከናነብ ግን ጸጥ አለ። አላህን እያመሰገነች መሬት ላይ ተቀመጠችና ጡቷን ሰጠችው።

አልፈለገም። አገሳ፤ ከከንፈሩ ጥግም ትንሽ ወተት ወረደ። በጣቷ ስትጠርገው ገና ትኩስ ነበር።

ሮብሌ ጠግቧል።