ዘጠነኛው ድምፅ

ባሌ ኤንሲዮ ከተቀበረ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም። አላለቀስኩምም። በየሳምንቱ የምንታጠብበት የእንፋሎት ቤት፣ ሳውናው፣ ሳይሞቅ ስንት ቅዳሜ አለፈ። የዓሣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ እደፋዋለሁ። ሰው ሲያፅናናኝ እሺ እላለሁ፤ የሚለኝ ግን አይገባኝም።

በዚህ መሃል የወረዳው ምክር ቤት ጸሐፊ ደውላ የባሌ ወንበር ለእኔ እንደሚደርሰኝ ነገረችኝ። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ አባል ሲሞት፣ ከእሱ ጋር በአንድ የዕጩዎች ዝርዝር ቀርበው ካልተመረጡት መካከል ብዙ ድምፅ ያገኘው ተጠባባቂ ይተካዋል። እኔ እንኳ የገባሁት ዝርዝሩ አንድ ሰው ጎድሎት፣ ኤንሲዮ "ስምሽን ብቻ አውሺኝ፣ ማንም አይመርጥሽም" ስላለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰው መረጠኝ። እኔ ራሴ ድምፄን የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታችን ታውኖ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ተጠባባቂ እሱ ነው፤ ስምንት ድምፅ። ምክር ቤት መግባት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ አያፍርበትምም። "በጤና ምክንያት አልችልም" የሚል ማመልከቻ ጽፎልኝ መጥቷል።

"ፈርሚና ተገላገዪ ራውሃ። ስብሰባ ምን ያደርግልሻል?"

"ምንም። እስክሪብቶ አለህ?"

ሰጠኝ። መነጽሬን ስፈልግ እሱ ያጉረመርማል፤ ሰውዬው አፉን መዝጋት አያውቅም።

"ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው እኮ በባልሽ ነው! የምርጫው ዕለት በር ላይ ያዘኝና 'የእኔ ማለፍ አይቀርም፣ ድምፄን ተጠባባቂ ለሚሆን ሰው ነው የምሰጠው' አለኝ። ለእኔ መስሎኝ ቡና ጋበዝኩት፣ ከነኬኩ! ስምንቱን መራጮቼን በስም አውቃቸዋለሁ፤ እሱ የለበትም።"

"የምርጫው ዕለት?"

"አዎ። ከሄልሲንኪ በተመለሰ ማግስት።"

ከሄልሲንኪ የተመለሰው እዚያ ያሉት ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት ነው። እኔ ያንን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነበር። የምርጫው ዕለት ማታ ግን "ለራስሽ ነው አይደል የሰጠሽው?" እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር ያመሸው። ዘጠነኛው ድምፅ የእሱ ነበር። እሱ ከሞተ ወንበሩ ለተጠባባቂ እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። ቤት ዘግቼ እንደምቀርም ያውቅ ነበር።

ደረቴን አመመኝ። ከቀብሩ ወዲህ የሆነ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እስክሪብቶውን መለስኩለት።

"አልፈረምሽም እኮ" አለ ታውኖ።

"ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው?" አልኩት።