«ሰማሁ» የሚለው መብራት

የአባቷ ልብ መድከም ከጀመረ ሰንብቷል። ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው፤ ግትርነታቸው ግን ጡረታ አልወጣም። «እኔ ጋ ይግቡ» ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። ኮድ ጸሐፊዋ ልጅ ምን ታድርግ? የክብሪት ሳጥን የምታህል ኮምፒውተር አልጋቸው አጠገብ ገጠመች፤ ከአንድ ቁልፍና ከአንዲት የኤልኢዲ አምፖል ጋር።

«ሲያምዎት ይህን ይጫኑ» አለቻቸው። «የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ቀይ አምፖል ይበራል። እዚህ ደግሞ አረንጓዴ ሲበራ፣ ልጄ ሰማችኝ ማለት ነው።»

«መልእክተኛው ማነው?»

«ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮድ ነው። ሌት ተቀን የሚሠራ ሰርቨር አልተከራየሁለትም። ሲጠሩት ብቻ ይነቃል፣ ሁለቱን መብራት ያበራል፣ ተመልሶ ይተኛል።»

«ሲጠሩት የሚመጣ ከሆነማ ካንቺ ይሻላል!» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከነከናት።

አባት ቁልፉን ወደዱት። መነጽር ሲጠፋባቸው ተጫኑ፤ ዝናብ ሲጥል ተጫኑ፤ ሲሰለቻቸው ተጫኑ። እሷ ደንግጣ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ይሠራ እንደሆን ልየው ብዬ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን አለቆቿን ጠረጴዛዋ ዙሪያ ሰብስባ ስታስረዳ ቀዩ በራ። አቋርጣ ወጣች፤ ለካስ የፈለጉት ወሬ ኖሯል።

ለሰው ሞት አነሰው! በንዴት ኮዱን ከፈተችና ቀዩን የሚያበራውን መስመር ዘጋችው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ልትመልሰው። አረንጓዴውን አልነካችውም፤ አባቷ ሲጫኑ መልስ አጥተው እንዳይከፋቸው ብላ። ስብሰባው አለቀ፤ ሥራ ሥራን ወለደ፤ መስመሩ እንደተዘጋ ቀረ።

ጠረጴዛዋ ሰላም አገኘ፤ ሰላሙም ደስ አላት። በማግስቱ ከሰዓት ግን ቀና ብላ አምፖሏን አየቻት። እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም። የዘጋችው መስመር ያኔ ትዝ አላት። ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። ሥራዋን ጥላ በረረች።

ጎረቤታቸውን ደጃፉ ላይ አገኘቻት።

«እንኳን መጣሽ!» አለች ሴትየዋ። «ጠዋት ሲያቃስቱ ሰምቼ በመስኮት ‹ሐኪም ልጥራ?› ብላቸው፣ ‹ተይው፣ ልጄን ጠርቻታለሁ። ሰምታኛለች፤ ይኸው መብራቱ። እየመጣች ነው› አሉኝ። እኔም አምኜ ቤቴ ገባሁ።»

ልጅቱ በሩን ከፈተች። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ የጫማቸውን ክር አስረው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። እጃቸውን ያዘችው፤ ቀዝቅዟል። አጠገባቸው አረንጓዴው መብራት በርቷል።