ትቆየኝ የተባለች አገር

ማስተዋል በሥራ ቀን የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ግን መንግሥት ነች። ላፕቶፗን ከፍታ ከተማ የሚገነባበትን ጨዋታ ታስነሳና ተራራ ትቆልላለች፣ ወንዝ ታፈሳለች፤ ምሳ ሳይደርስ አንዲት ትንሽ አገር በእግሯ ትቆማለች። አገሪቱ በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። ባንዲራዋንም ድንበሯንም የፈጠረችው ራሷ ናት፤ ያለ ጦርነት፣ ያለ ስብሰባ።

አክስቷ እትዬ በሰለች መጀመሪያ ነገሩን የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ንቀውት ነበር። እሳቸው ከጫጫ ወዲህ ያለው መንደራቸው ለፋብሪካ ተፈልጎ ከተነሱ ጀምሮ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን፣ እሷ ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረ ሰው ሥራ ሲያጣ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ሲሰለቻቸው ወንበር ስበው ከማስተዋል ጎን መቀመጥ ጀመሩ።

«እነዚህ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?» አሉ አንድ ቀን።

«ቧንቧ አላቸው አክስቴ።»

«ቧንቧማ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ምንጭ አድርጊላቸው እንጂ!»

ምንጭ አደረገችላቸው። ምንጭ ካለ ጽድ ያስፈልጋል፤ ጽድ ካለ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ድንጋይ ያስፈልጋል። «የጎረቤቴ የባየው ቤት እዚህ ጋ ነው፣ በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሪለት» እያሉ በጣታቸው እያመለከቱ፣ እትዬ በሰለች የፈረሰ መንደራቸውን አንድ በአንድ አስተከሏት። ማስተዋል ምን እየሠሩ እንደሆነ ገብቷታል። ግን ጣታቸው በሄደበት መሄድ ብቻ ነበር ሥራዋ።

«ስሟ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ገና አላወጣሁላትም።»

«ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗን አልፋ ክርስትና ሳትነሳ ትቀራለች እንዴ? ትቆየኝ በያት።»

ትቆየኝ፣ ልጅ አልቆይ ያላት እናት ለኋለኛዋ የምታወጣው ስም ነው። ማስተዋል ሳቀች። እትዬ በሰለች አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ከደጅ በገቡ ቁጥር ከእግዜር ሰላምታ ቀጥሎ «ትቆየኝ እንዴት ዋለች?» ማለት ልማዳቸው ሆነ።

ጨዋታውን የሚጫወቱት ልጆች የቴሌግራም ቡድን አላቸው። ሰብሳቢያቸው ኤልሮኢ የሚባል፣ ምክር የማያልቅበት ወጣት ነው። የወሩን ምርጥ አገር ሊመርጡ ሲሉ ማስተዋልም የትቆየኝን ፎቶ ላከች።

«ቆንጆ ናት፤ ግን መኪናው ተጨናንቋል» ብሎ ጻፈላት። «ያቺን አሮጌ መንደር አንስተሽ አውራ ጎዳናውን ቀጥ አድርገሽ ብትለቂው ማንም አይደርስብሽም።»

ምስጋና የማይጥመው ማን አለ? እጇ ትንሽ አመነታ። በኋላ በሌላ በኩል እሠራዋለሁ ብላ ራሷን አባበለችና የማፍረሻውን ምልክት ነካች። ጽዱ ወደቀ፣ ምንጩ ተደፈነ፤ ጥቃቅኖቹ ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው እስከ ካርታው ጠርዝ ሄዱና ጠፉ። አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ አስቀመጠችው፤ የድሮዋ ትቆየኝ በዚያው ተሰረዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደዚህ ያለችው ነው። ቡድኑ ግን በጭብጨባ ተቀበላት።

እትዬ በሰለች ከጽዋ ማኅበር ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ዳቦ ይዘውላት ገቡ።

«ትቆየኝ እንዴት ዋለች?» ወንበራቸውን ሳቡ። አዩ። ጠጋ ብለው ደግመው አዩ። «ጽዱስ?»

«መንገዱ አስቸግሮኝ እኮ ነው አክስቴ። አይዘኑ፣ ምትክ ቦታ እሰጥዎታለሁ።»

ምን እንዳለች የሰማችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ፣ መንደሩ ሊነሳ ነው ተብሎ ነዋሪው በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ የአክስቷን ክንድ ይዛ ከጎናቸው የቆመችው እሷ ነበረች። ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል ያላቸውን ሰውዬ እስከ ቤት ድረስ ስትረግመው ነው የመጣችው። አሁን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ እሷው ደገመችላቸው። አፈረች፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እሱም እንዳንቺው በትሕትና ነበር የነገረኝ» አሉ እትዬ በሰለች። ቁጣ የለባቸውም። «እዚህም ደረሱብኝ በይኛ።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ።

በማግስቱ ማስተዋል አውራ ጎዳናውን አፈረሰችው። ምንጩን መልሳ አፈለቀች፣ ጽዱን ተከለች፤ ከዚያ ወዲያ እጇ ተያዘ። ድንጋዩ ከምንጩ በላይ ነበር በታች? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በማን ደጅ ነበር የሚያልፈው? ስትሠራ የአክስቷን ጣት ተከተለች እንጂ መንደሩን ልብ ብላ አልያዘችውም። ላፕቶፑን አቅፋ እትዬ በሰለች ፀሐይ ወደሚሞቁበት ደጅ ወጣች።

«አክስቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እየመለስኩት ነው። የባየው ቤት ከጽዱ በየት በኩል ነበር?»

እትዬ በሰለች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸውን አንስተው አየር ላይ ወዲህ አሉት፣ ወዲያ አሉት፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ መለሱት።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «እኔንም እየጠፋኝ ነው። አንቺ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ ብዬ፣ ማሰቡን ትቼው ነበር።»