የማሪያ ሉዝ ሳንቃ

የሟቹ እህት ጉስታ ወንበሮቹን እየገለበጠች ለየባለቤታቸው ስትለይ አንዷ ተረፈች። በደሴቷ የወደብ ከተማ በሚንዴሎ ሰው ሲሞት የሰፈሩ ወንበር ሁሉ ለቅሶ ቤት ይሰበሰባል፤ እንዳይቀያየርም እያንዳንዱ ቤት በቀለም ወይም በክር ምልክት ያደርጋል። ይቺኛዋ ምልክት የላትም። የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ጠዋት አልቋል፤ እስከ ከሰዓት ድረስ የጠየቃት አልነበረም።

ዚታ ሰባቱንም ቀን አላለቀሰችም። እንግዳ ይገባል፣ የበቆሎና የባቄላ ቅቅሉን፣ ካቹፓውን፣ ይበላል፣ ስለ ሟቹ ባሏ ስለ አልሲንዶ አናጢነት ያወራል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ልቧ ድንጋይ ነው ሲሏት ሰምታለች። አልከፋትም።

ደሴቲቱ እንጨት የላትም። ከሰል ለመጫን ይቆሙ የነበሩት መርከቦች ዘመን ካለፈ ወዲህ ግን ወደቡ የተሰበረ መርከብ አጥቶ አያውቅም። አልሲንዶም ሳንቃውን ከዚያ እያመጣ ወንበር ይሠራ ነበር፤ ከሥሩም የመርከቡን ስም በቢላ ይቀርጽ ነበር።

ዚታ የተረፈችውን ወንበር ገለበጠቻት። «ማሪያ ሉዝ» ይላል።

ማሪያ ሉዝ እሷን ከጎረቤቷ ደሴት ከሳንቶ አንታኦ ለሙሽርነት ያሻገረቻት ጀልባ ናት። ያን ቀን ማዕበሉ ሲንጣቸው አልሲንዶ እጇን ይዞ፣ ይቺ ጀልባ ስታረጅ ከሳንቃዋ የማይነቃነቅ ወንበር እሠራልሻለሁ ብሏት ነበር። ጀልባዋ ስትሰበር ሳንቃውን ጠየቀችው። ትል ጨርሶታል አላት፤ አመነችው።

"የማን ናት?" አለች ዚታ።

ጉስታ መሬት መሬት እያየች ተናገረች፤ ሪቤራ ቦቴ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ኤርሜሊንዳ። ከአልሲንዶ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለቅሶ መምጣቱን ፈርታ ነው ወንበሯን የላከችው።

"ለካ ትሉ ስም አለው" አለች ዚታ።

ጥግ የቆመውን የባሏን መጥረቢያ አነሳች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መጥረቢያውን ጥላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወዲህ ወዲያ ሞከረቻት፤ ንቅንቅ አላለችም። ቃሉን ጠብቋል፣ ለሌላ ሰው።

ወንበሯን ተሸክማ ወጣች። ጉስታ፣ ሰው ምን ይላል፣ እኔ ልውሰዳት እያለች እስከ ደጅ ተከተለቻት። መንገደኛው ቆሞ አያት።

ኤርሜሊንዳ በሩን ስትከፍት እሷም ጥቁር ለብሳለች። ጓዳዋ ውስጥ የስፌት መኪናው ብቻ አለ። ወንበር የላከላት፣ አይዞሽ ያላት ጎረቤት የለም። ዚታን ስታይ ወደ ኋላ ሸሸች።

"አትፍሪ" አለቻት ዚታ። "ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።"

ወንበሯን ግድግዳው ጥግ አስቀምጣ ተቀመጠች። ኤርሜሊንዳ ሌላ መቀመጫ የላትምና እንደቆመች ቀረች።

ዚታ ወደ ወንበሯ ጠርዝ ጠጋ ብላ ግማሹን ቦታ ለቀቀችላት።