የፍንጣሪ ሞት

ፍሎረንስ ዋክስማን «ብረት ክንፍ» የተባለውን በሥዕል የሚተረክ የኮሚክ መጽሔት መጻፍ ስትጀምር ጸጉሯ ጥቁር ነበር። አንባቢው የሚወደው በሰማይ የሚበረውን ጀግና ነው፤ የእሷ ልብ ግን ያለው ከጀግናው ጎን በማይጠፋው ልጅ፣ በፍንጣሪ ላይ ነው። ፍንጣሪ በየወሩ ከሕንፃ ሕንፃ ይዘላል፣ ወንበዴ ላይ ያሾፋል፤ ዓመት ዓመትን ሲተካ እሱ ከአሥራ አራት ዓመቱ አያልፍም። ሲናደድ አፍንጫውን ማሸቱ፣ ሾርባ አልበላም ማለቱ፣ ቀልዱ ሁሉ የጆኤል ነው።

ጆኤል ልጇ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ አንድ የበጋ ቀን ከብሩክሊን የባሕር ዳርቻ በትንሽ ጀልባ ወጣ፤ ጀልባዋ ብቻዋን ተገኘች። ባሏ ኸርብ የመቃብር ድንጋይ አስቀረጸለትና እስኪሞት ድረስ ብቻውን ሲጎበኘው ኖረ። እሷ ግን፣ «ከድንጋዩ ሥር ማን አለና!» እያለች ሄዳ አታውቅም።

አዲሱ አዘጋጅ ብሬንት ቢሮው ያስጠራት በዚህ ክረምት ነው።

«ፍንጣሪን እንገድለዋለን» አላት። «ሽያጭ ወርዷል፤ ሞት ደግሞ ይሸጣል።»

ፍሎረንስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አይዞዎት እንጂ! እርስዎ እኮ ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ድልድዩ ይፈነዳል፣ ልጁ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ ጭምብሉ ብቻ ይንሳፈፋል። አስከሬን ከሌለ ሞት የለም። በዓመቱ እንመልሰዋለን።»

«ማን ነው የሚመልሰው?»

«አንድ ጎበዝ ወጣት አግኝተናል። ፍንጣሪን ጨካኝ አድርጎ ያመጣዋል። አንባቢው ያብዳል!»

«እኔ አልጽፍም ብልስ?»

«ያው ሌላ ሰው ይጽፈዋላ።»

«እኔው እጽፈዋለሁ» አለች።

አስከሬኑ ያልታየ ይመለሳል፤ ይህን የሙያውን ደንብ ለስንቱ ጀማሪ ያስተማረችው ራሷ ናት። ደንቡ ከሥራ ጠረጴዛዋ ተነሥቶ ቤቷ እንደገባ ግን ለማንም አልተናገረችም። የጆኤልን ጃኬት ብርድ ሲመጣ አውጥታ ታናፍሳለች። የስልክ ቁጥሯን አልቀየረችም። በር ሲንኳኳ ዛሬም መጀመሪያ የምታስበው እሱን ነው።

ወጥ ቤቷ ተቀምጣ ድልድዩን አፈነዳች። ጭምብሉን ውሃ ላይ አንሳፈፈችው። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። በዓመቱ በሌላ ሰው አፍ የሚናገር፣ የማታውቀው ልጅ ሊመጣ ነው። የእሷስ ጆኤል ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ? የሚገባው ሸበቶ ሰው ነው። የምትጠብቀው ልጅ የትም የለም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ጭምብሉን ሰረዘችና ሌላ ጻፈች።

በማግሥቱ ጽሑፉ የደረሰው ሠዓሊ ቪኒ ካርዶኔ ደወለ። ፍንጣሪን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚስለው እሱ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? አስከሬኑን እኮ ከውሃ አወጣሽው! ብሬንት ጸጉሩን ይነጫል።»

«የቱን ጸጉር?»

ቪኒ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ሊሰርዘው ይችላል፣ ፍሎ።»

«ይሰርዝ። እኔ ጽፌዋለሁ።»

«እሺ፣ ጀርባውን አዙሬ ልሳለው። ፊቱ ባይታይ...»

«ይታይ።»

«ይህን ፊት እኮ የወሰድኩት ከጆኤል ነው። እዚያ ወጥ ቤትሽ ቁጭ ብሎ፣ አልረጋ ብሎኝ...»

«አውቃለሁ፣ ቪኒ።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልሳለው?»

ፍሎረንስ የዚህን ጥያቄ መልስ ስትፈራ ነው የኖረችው።

«ጸጉሩ ርሷል» አለችው። «ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። እናቱ ተንበርክካ ዓይኑን ትክደንለት።»

«ፍንጣሪ እናት የለውም እኮ። ወላጅ አልባ ያደረግሽው አንቺው ነሽ!»

«አሁን እናት አለችው።»

ቪኒም እርሳስ ፈልጎ፣ «ምን ለብሳለች?» አላት።

«የቤት ልብስ። ተገኘ ብለው ሲጠሯት ጫማ እንኳ አላደረገችም።»