ተኝታ የለካቻት መኪና

ሐኪሙ በረዶው ሳይቀልጥ እንደምትሞት ከነገራት በኋላ፣ ባለቤቴ ቺዙኮ ጣሪያው የሚከፈተውን ፈጣን መኪናዬን እንድለውጥ ጠየቀችኝ። መኪናው የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ሰው አያስተኛም። በእኛ አገር ሆስፒታል የሞተ ሰው አስከሬኑ በሥርዓቱ ከመቃጠሉ በፊት ቤቱ ያድራል። እሷ ደግሞ ወደ ቤት የአስከሬን መኪና እንዲያመጣት አልፈለገችም።

የመኪና ሻጩ ሞሪዋኪ መጀመሪያ ረጅምና ሰፊ መኪና አሳየን።

«በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል እማማ፤ ለአዛውንት ይመቻል።»

«ይሄማ ፍሪጅ ነው» አለች ቺዙኮ። «ባሌ በዚህ ወደ ቤት ተራራውን ሲወጣ እንቅልፍ ይጥለዋል።»

እኔ ጥግ የቆመች ትንሽ ቀይ መኪና ወደድኩ። ማርሿ ማንዋል ነው። ቺዙኮ ከሾፌሩ ጎን ያለውንና ከእሱ በስተኋላ ያለውን ወንበር አሳጠፈችና ጫማዋን አውልቃ በኋላው በር ገባች፤ በጀርባዋም ተኛች።

«እግሬ በሩን ይነካል?»

«አይነካም» አልኳት።

«ለሽርሽር ነው እማማ?» አለ ሞሪዋኪ እየሳቀ። «ብዙ ልትሄዱባት ነው?»

«እኔ አንዴ ብቻ ነው። ሞቼ ከሆስፒታል ወደ ቤቴ።»

ሞሪዋኪ ሳቁን ዋጠና አንገቱን ደፋ።

«በተራራው መንገድ አምጣኝ» አለችኝ ጣሪያውን እያየች። «እንደ ሁልጊዜው ለእኔ ብለህ ቀስ እንዳትል። ያኔ አያቅለሸልሸኝም።»

መሪው ፊት ተቀምጬ ማርሹን ሞከርኩት።

«ምን ትላለህ?» አለችኝ ከኋላዬ እንደተኛች።

«ጥሩ ናት» አልኩ፤ ዞሬ ግን ላያት አልቻልኩም።

«እንግዲያው ፈርምና እንሂድ፤ በርዶኛል።»