ሃያ አንድ ጥርስ ለዳገት

ለቤተሰቡ አባላት፣ ለጎረቤቶች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ጨርሶ ለማይመለከታቸው ወገኖች በሙሉ፦ የጡረተኛው ቀያሽ የብረት ብስክሌት፣ የኋላ ማርሹ ትልቁ ጥርስ ሃያ አንድ እንዲሆን፣ ከብዙ ጥናትና ምክክር በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ቀያሹ ይህን ያወጀው ቁርስ ላይ፣ ቆሞ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ ነው። ድምፅ የሰጠው እሱ ብቻ ስለነበር ሙሉ ድምፅ ማግኘት አላስቸገረውም።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች ሚስቱ ዳቦ እየቆረጠች። «አሁን ቁጭ በልና ብላ።»

«የምን ሃያ አንድ?» የሚል ድምፅ ከመታጠቢያ ቤት መጣ። ልጃቸው ናት፤ ብሩሹ አፏ ውስጥ ነው። የጥርስ ሐኪም ስለሆነች ጥርስ ሲባል ከየትም ሆና ትሰማለች። «አባዬ፣ ሃያ ስምንት ተባብለን አልነበር እንዴ?»

«ሃያ ስምንት የአያቶች ነው።»

«አያት ያልሆንከው እኮ እኔ ስላዘገየሁህ ነው እንጂ በዕድሜህማ ደርሰሃል።»

«ሰማሽ?» አለ ቀያሹ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ያስተማርናት ለዚህ ነው።»

ለማያውቅ ሰው ነገሩ የቁጥር ጭቅጭቅ ይመስላል። ብስክሌት ላይ የኋላው ጥርስ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዳገት ለእግር ይቀላል። ባነሰ መጠን ደግሞ ብስክሌቱ ያምራል፤ ማርሹ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ጨዋ ቤተሰብ ይመስላል። ቀያሹ በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበር። ያኔ ከሃያ አንድ በላይ ጥርስ ያሰረ ሰው በጓደኞቹ ፊት ሱሪውን ገልብጦ እንደለበሰ ይቆጠር ነበር። የዚያ ዘመን ቴላዮ፣ የብስክሌቱ ቀጭን የብረት አካል፣ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት አወረደው።

ልጅቱ ግን ብስክሌቱን የፈለገችው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከሩቅ የወደብ ከተማ አንድ ሆስፒታል ሥራ ሰጥቷታል፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። እናቷ ሐሳቧን ቀድማ ተናግራለች፦ «ሂጂ፣ ግን በየሳምንቱ ደውዪ፣ አለበለዚያ መጥቼ አዋርድሻለሁ።» የቀረው አባት ነው። አባት ደግሞ አመል አለበት። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ይቀልዳል፤ የሚያናግሩት ለቅሶ ቤትም ቢሆን ይቀልዳል። ጎን ለጎን እየሄዱ ካናገሩት ብቻ ነው የሚሰማው። ልጅቱ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ የነገረችውም በብስክሌት ሲሄዱ ነው። ስለዚህ «ከመልሴ በፊት ዳገቱን አብረን እንውጣ። ላይ፣ ውሃ ማማው ጋ ስንደርስ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ» አለችው።

ምን እንደምትጠይቀው ያውቃል። መልሱንም አዘጋጅቷል። ዕቃ ቤት ውስጥ ቴላዮውን በጨርቅ እየወለወለ ደጋግሞ ተለማምዶታል፦ «ሂጂ፣ የኔ እናት። ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።» በዕድሜው ለልጁ የዚህን ያህል ግልጽ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ዳገቱ ላይ ከሆነ ግን ይወጣዋል፤ ላብና ትንፋሽ ሽፋን ይሆኑታል።

ብስክሌቱ የተገጣጠመው በፍሬን-የለሽ ጋራዥ ነው። ፍሬን-የለሽ የቀያሹ የድሮ ተፎካካሪና የዘንድሮ መካኒኩ ነው። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ክብደት ልቀንስ ብሎ ፍሬኑን ነቅሎ ስለተወዳደረ ነው። ዛሬ ሆዱ ከመሪው ቀድሞ ይደርሳል፣ ስሙ ግን አልወፈረም።

«የማርሽ መቀየሪያው የት ይሁን?» አለ ፍሬን-የለሽ፣ መልሱን እያወቀ፣ ለመስማት ብቻ።

«ይጠየቃል እንዴ? ታችኛው ቱቦ ላይ ነዋ። ጎንበስ ብለህ፣ በጣትህ እየዳበስክ።»

«ቀጭ ቀጭ እያለ ቁጥሩን የሚነግርህ አለ።»

«ቀጭ ቀጭ የሚለው እስክሪብቶ ነው።»

ፍሬን-የለሽ መፍቻውን ጥሎ ጨበጠው። ኮርቻ ቆዳ፤ ጸደቀ። ቸርኬ ሽቦው የበዛ፣ ቢሰበር የሚጠገን፤ ጸደቀ። ፊት ሁለት ማርሽ፣ ኋላ አምስት፤ ከዚያ ያለፈ ስግብግብነት ነው። በቃ። ሊበላሽ የማይችል ነገር ሁሉ ተመረጠ፣ ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ ተወገዘ። ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ እየተሞጋገሱ ከተማው ውስጥ በጣም የሚያምረውን ብስክሌት ሠሩ። አንዳቸውም ስለ ሌላው ጉልበት አልጠየቁም።

ልጅቱ የመጣችው የኋላው ማርሽ ሊታሰር ሲል ነው። የራሷን ብስክሌት፣ አባቷ «የማርሽ ሱቅ» የሚለውን፣ በሩ ላይ አስደግፋ ገባች።

«ጋሼ፣ እባክህ ሃያ ስምንቱን እሰርለት» አለች ፍሬን-የለሽን።

«የኔ ልጅ፣ በዚህ ቴላዮ ላይ ሃያ ስምንት ማሰር ማለት ለሙሽራ ቦት ጫማ ማልበስ ነው» አለ ፍሬን-የለሽ፣ ዓይኑን ከካቴናው ሳያነሳ።

«ዳገቱስ?»

«ዳገቱን የቀየስኩት እኔ ነኝ!» አለ ቀያሹ ደረቱን ነፍቶ። «ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ሳይጨናነቅ እንዲወጣው አድርጌ ነው የቀየስኩት። ስንት እንደሚያዘነብል እኔን ነው የምትነግሪኝ?»

«አባዬ፣ ከባድ መኪና ጉልበቱን አያመውም።»

«እኔን ማን አመመው አለሽ?»

ልጅቱ አባቷ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን እንዴት እንደሚይዝ አይታለች። ግን ብስክሌቷን ልታነሳ ወጣች። ሃያ አንዱ ታሰረ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። ፍሬን-የለሽ «ሥራዬን ዳገት ላይ ልየው» ብሎ ሳይጠራ ተከተላቸው፤ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ከኋላ ከኋላ። ሜዳው ላይ ብስክሌቱ ድምፅ አልነበረውም። ካቴናው ሹክ የሚል ብቻ ነው። ቀያሹ መንገድ ዳር ያሉትን መስኮቶች እያየ ራሱን ያደንቅ ነበር። ልጁ ከጎኑ ናት፣ ክርኗ ክርኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አባዬ፣» አለች፣ «ላይ እስክንደርስ ምን አስጠበቀኝ፣ አሁኑኑ ልጠይቅህ።»

ቀያሹ ሰማ። መልሱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ማርሹ በጣቱ ስር በደንብ ገብቷል፣ ጠዋቱም ቆንጆ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሁሉ ደስታ መሐል አይነሳም።

«ላይ ብለሻል ላይ። ቃል ቃል ነው» አለ እየሳቀ።

«እሺ» አለች።

የመጀመሪያውን ኩርባ ተቀምጦ ወጣው። ሁለተኛውን ቆሞ። ከሁለተኛው በኋላ ፔዳሉ ሲወርድ ሰውነቱም አብሮ ይወርድ ጀመር፤ ሲነሳ ግን አብሮ አይነሳም። ጉልበቱ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው ምስማር የሚመታ መሰለው። ልጅቱ ልትጠብቀው ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ከዚያም ቀነሰች፣ በኋላ ብስክሌቷ መንገዳገድ ጀመረ።

«ሂጂ፣ ሂጂ!» አለ ትንፋሹን ሰብስቦ። «ሞተሬ እስኪሞቅ ነው። እደርስብሻለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ሄደች። ኩርባው ዋጣት።

ያን ጊዜ ከኋላው ፉጨት ሰማ። ፍሬን-የለሽ ነው። ኮርቻው ላይ እንደ ፀጉር ቤት ደንበኛ ዘና ብሎ ተቀምጦ፣ እግሩን እንደ ልብስ ስፌት መኪና እያሽከረከረ፣ ሆዱን በፊቱ አስቀድሞ አለፈው። «በርታ ወንድሜ!» ብሎም ጨመረበት። ቀያሹ ቀና ብሎ የኋላ ጎማውን አየ። እስከ ማርሹ የወረደው ጃኬት የጋረደው ነገር፣ ነፋስ ሲገልጠው፣ ቁልጭ ብሎ ታየ። የብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን የሚያክል ጥርስ፣ ፀሐይ ላይ እየበራ፣ ያለ ሐፍረት ይዞራል።

ቀያሹ እግሩን መሬት አሳረፈ።

በዚህ ቦታ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ይወጣል። ቢዘገይም ይደርሳል። ልጁ ትጠብቀዋለች፤ ለመጠበቅ ነው የወጣችው። ቀያሹም ይህን አስቧል። መንገዱ ስንት ኩርባ እንደቀረው ከማንም በላይ ያውቃል፣ በገዛ እጁ ስሎታል። ነገር ግን የመጨረሻው ኩርባ ከማማው በግልጽ ይታያል። ያንን የሚያምር ብስክሌት እንደ ታመመ በሬ እየጎተተ፣ ያ ሆዳም ከልጁ ጎን ቆሞ እያየው፣ ብቅ ሲል ታየው። ራሱን በልጁ ዓይን አየው። ብስክሌቱን አዞረ።

ቁልቁለቱ ላይ ሃያ አንዱ ድንቅ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

«ልጅቱስ?» አለች ሚስቱ በር ላይ።

«ላይ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔ ታች ነኝ።»

ሚስቱ ጉልበቱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ውሃ ልታሞቅ ገባች። ቀያሹ ወንበር ስቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠና ያዘጋጀውን ዓረፍተ ነገር በልቡ ደጋግሞ አለው። እዚህ ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው ፊት፣ ቃላቱ የሌላ ሰው ኮት ይመስሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱና ፍሬን-የለሽ መጡ። ልጅቱ ማማው ስር ላቧ ጀርባዋ ላይ እስኪደርቅ ጠብቃ ነበር። ወድቆ ይሆናል ብላ በየቦዩ እያየች፣ ፍሬኗን ይዛ ወረደች። መሐል መንገድ ላይ አጥር የሚሠራ ግንበኛ ስትጠይቀው «ሰውየውማ ጤነኛ ነው፣ እንደ ጥይት ነው የወረደው» አላት። ከዚያ በኋላ ቦዩን አላየችም፤ ጉልበቱም ከሐሳቧ ወጣ።

«እሺ አልኳቸው» አለች፣ የራስ ቁሯን እየፈታች፣ ፊት ለፊቱ ቆማ። «ስንወርድ መንገድ ላይ ሆኜ ደወልኩ። ጋሼን አማከርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ሂጂ፣ ምን ፍሬን ትይዣለሽ› አለኝ።»

ቀያሹ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «ጎሽ! ወደብ አካባቢ ጣፋጭ በመርከብ ነው የሚገባው ይላሉ፤ የተቦረቦረ ጥርስ እንደሆነ ሞልቶልሻል።»

ልጅቱ ድዱ እንደደነዘዘ ሰው በግማሽ ከንፈሯ ሳቀች። ወደ ክፍሏ ገባች።

ፍሬን-የለሽ ግቢ ውስጥ ጃኬቱን እያወለቀ ነበር። ቀያሹ ጎማው ጋ ሄዶ ቆመ።

«ሃያ ስምንት ነው?»

«ሠላሳ» አለ ፍሬን-የለሽ ድምፁን ቀንሶ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉልበቴን ካመመኝ ጀምሮ።»

«አንተ ሌባ! ምነው ታዲያ አልነገርከኝ?»

«አንተስ እንዳመመህ ነገርከኝ?»

ሁለቱም ብስክሌቱን አዩት። በእውነት ያምር ነበር። ፍሬን-የለሽ «ሰኞ አምጣውና እቀይርልሃለሁ፣ ማንም አያውቅም» አለ። ቀያሹ «ለየትኛው ዳገት?» አለና ገባ።

የመሄጃዋ ቀን አውቶቡስ ጣቢያው ተጨናንቋል። እናትየዋ ትኬት ቆራጩን ስለ ወንበሩ ትጨቀጭቀዋለች፤ መስኮት አጠገብ ካልሆነ ልጄ ያዞራታል እያለች። ልጅቱና አባቷ ሻንጣዎቹ መሐል ቆመዋል። ቀያሹ የሻንጣውን ማሰሪያ አጠበቀ፣ አላላ፣ እንደገና አጠበቀ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ» አለች። «ያን ቀን ለምን ተመለስክ?»

«ውሃ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ጥያቄዬን ሽሽት ነው አይደል? ልሂድ ወይስ ልቅር ስልህ አንዱን ላለማለት።»

«እሱን አይደለም።»

«ቆይ እኔ ልንገርህ የመሰለኝን። ብትሄድም ባትሄድም ግድ የለኝም ብለህ ነው። እሱም ከሆነ ንገረኝ፣ አልቀየምም። እዚያ ሆኜ እሱን ሳብሰለስል አልኑር።»

ቀያሹ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የሚበቃው፤ አንድ ቁጥርና አንድ የታመመ ጉልበት። ትስቅበት ነበር፣ ምናልባትም ታቅፈው ነበር። ካልነገራት ግን ያን ሁሉ መንገድ ያልሆነ ምክንያት ይዛ ትሄዳለች። እናቷ ከሩቅ «ነይ! ነይ! መስኮት ሰጡን!» እያለች ትጣራለች።

«አባዬ?»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም አልኩሽ እኮ። በቃ፣ ግቢ።»